ከሠርጌ በፊት ፀጉሬን ላንሣው ወይስ ልተወው?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ሲሆን በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። በመጪው ጥቅምት መጨረሻ ኒካሔ ስለሚታሰርና ሠርጋችንም ስለሚደገስ፣ ገና ሐምሌ ሳይጋመስ ቤታችን ሽር ጉድ ላይ ነው። የእኔ ጭንቀት ግን ለማንም አፍ አውጥቼ ያልተናገርሁት ነው። እግሬና ክንዴ ላይ ብዙ ፀጉር አለኝ፤ ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ በመሆኑ ለምጄዋለሁ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን አገጬ ሥርና የላይኛው ከንፈሬ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፀጉር መብቀል ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ቤተሰቡ ሳይነሣ በወንድሜ ምላጭ እላጨዋለሁ፤ ጊዜ ሳገኝ ደግሞ በወረንጦ እነቅለዋለሁ። አሁን አገጬ ላይ ትንንሽ እብጠቶች እየወጡ፣ ሲጠፉም ጥቁር ነጠብጣብ እየተዉብኝ ነው። መሥሪያ ቤት ሰው ሲያነጋግረኝ እጄን አገጬ ላይ ሳላደርግ አላወራም።

ጓደኞቼ እግርሽንም፣ ብብትሽንም፣ ፊትሽንም ሳሎን ሄደሽ በዋክስ አስነሺው ይሉኛል። አዲስ አበባ ያለችው የአጎቴ ልጅ ሌዘር አንድ ጊዜ ከተሠራሽ ለዘለዓለም ትገላገያለሽ ትላለች። አንዲት ጎረቤታችን የንብ ሰም አቅልጬ እዚሁ ቤት እሠራልሻለሁ ብላኛለች፤ ሌላዋ ከሱቅ የገዛችውን፣ ጽሑፉን ማንበብ ያልቻልሁትን ክሬም ሰጥታኛለች። ያሳደገችኝ አክስቴ የነገሩን ጭምጭምታ ሰምታ፣ «ፀጉራም ሴት ባለ ሀብት ናት፤ ምላጭ ካስነካሽው ይብስብሻል» ብላ ተቆጥታኛለች። እጮኛዬ እስከ ዛሬ ምንም ያለኝ ነገር የለም፤ ነገር ግን ከተጋባን በኋላ ሲያየኝ ምን ይል ይሆን እያልሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የወር አበባዬም አንዳንዴ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር እየዘለለ ስለሚመጣ፣ ከሠርጉ ቀን ጋር እንዳይገጥም እሰጋለሁ። ልተወው ወይስ ላንሣው? ካነሣሁትስ በምን?

ሐ.፣ ከጅማ

ውድ እኅቴ ሐ.፣

ለማንም ያልነገርሽውን ለእኔ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ዋናው ጥያቄሽ ፀጉሩን ስለ ማንሣትና ስለ መተው ቢሆንም፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔን የያዘው መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጠቀስሽው የወር አበባሽ ነገር ነው። ስለዚህ ካቀረብሽበት ቅደም ተከተል ወጥቼ ከዚያ ብጀምር ቅር አይበልሽ፤ የእግርሽ ፀጉርና የአገጭሽ ፀጉር በእኔ አመለካከት አንድ ጉዳይ አይደሉም፣ መልሳቸውም ለየቅል ነው።

የእግርሽና የክንድሽ ፀጉር ከልጅነትሽ ጀምሮ ያለ፣ ምናልባትም ከእናት ወይም ከአባት ወገን የወረስሽው ነው። የአገጭሽ ግን በ24 ዓመትሽ ገደማ የመጣ አዲስ ነገር ነው። አንዲት ሴት አገጯና ከንፈሯ ላይ ጠንካራ ፀጉር ሲበቅልባትና የወር አበባዋም ሲዛባ፣ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ሊነሡ ይችላሉ። የሴት አካል አንድሮጅን የሚባሉትን ሆርሞኖች በጥቂቱ ያመነጫል፤ መጠናቸው ሲጨምር ወይም የፀጉሩ ሥር ለእነርሱ የሚሰጠው ምላሽ ሲበረታ፣ ቀድሞ ስስና ለዓይን የማይታይ የነበረው የፊት ፀጉር ወደ ጥቁርና ጠንካራ ፀጉር ይለወጣል። ለዚህ በብዛት ምክንያት የሚሆነው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የተባለው የሆርሞን መዛባት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት እንደሚኖርባቸውና ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይመረመሩ እንደሚቀሩ ይገምታል። የታይሮይድ ዕጢ መታወክና ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን መብዛትም የወር አበባን ያዛባሉ። ምንም ሕመም ሳይኖር በቤተሰብ ውርስ ብቻ አገጫቸው ላይ ፀጉር የሚበቅልባቸው ሴቶችም ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ የአንቺ የትኛው እንደሆነ ከደብዳቤ መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ሐኪም ነው፤ መንገዱም የሚያስፈራ አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመሽ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም እንድታዪ እመክርሻለሁ፤ ለዚህ አዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግሽም፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እዚያው ከተማሽ ውስጥ ነው። ያላገባች ሴት የማህፀን ሐኪም ዘንድ ስትገባ ብትታይ ሰው ምን ይላል የሚለው ሥጋት ልብሽ ውስጥ እንደሚመላለስ እገምታለሁ፤ ከዚያም በላይ ምርመራው ራሱ ምን ይሆን ብለሽ ትፈሪ ይሆናል። በአብዛኛው የሚጀመረው በጥያቄ ነው፤ ከዚያ የሆርሞንና የስኳር መጠንሽን ለማወቅ የደም ምርመራ ይታዘዝልሽ ይሆናል። አልትራሳውንድ ቢያስፈልግም ውኃ ጠጥተሽ ፊኛሽ ሲሞላ በሆድሽ ላይ በኩል ማየት ስለሚቻል፣ ያላገባሽ መሆንሽን በግልጽ ተናገሪ። ሴት ሐኪም እንድትመረምርሽ መጠየቅም ነውር የለበትም። ከመሄድሽ በፊት ያለፉትን ስድስት ወይም ሰባት የወር አበባ ቀኖች እስከምታስታውሺው ድረስ በወረቀት ጻፊ፤ የምትወስጂው መድኃኒት ወይም የምትቀቢው ክሬም ካለ ይዘሽው ሂጂ፤ ሐኪሙ ፀጉሩ የበቀለበትን ቦታና መጠን ማየት ስለሚፈልግም፣ ቢቻልሽ ከቀጠሮው በፊት ያሉትን ጥቂት ቀናት አገጭሽን ሳትነኪው ቆዪ። ለእነዚያ ቀናት ሻርፕሽን ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው የሚያደርገውን ጭምብል ብትጠቀሚ ማንም ጉዳዬ አይልም።

ችግሩ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ቢሆንስ? እኅቴ፣ ሙሽራ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ወደ አእምሮዋ የሚመጣው ልጅ የመውለድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ ችግር ያለባቸው ብዙ ሴቶች ይወልዳሉ፤ አንዳንዶቹ ያለ ምንም እገዛ፣ ሌሎቹ እንቁላል እንዲወጣ በሚረዳ መድኃኒት። የወር አበባን የሚያስተካክልና አንድሮጅንን የሚቀንስ ሕክምናም አለ፤ ይሁን እንጂ በፀጉሩ ላይ ለውጡ እስኪታይ ቢያንስ ስድስት ወር ያህል ይወስዳል። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ሕክምናውን ጀምረሽ ለሠርግሽ ስላልደረሰልሽ ተስፋ ቆርጠሽ እንዳታቋርጪው ነው። በተረፈ ፀጉሩ በወራት ውስጥ በፍጥነት እየተስፋፋ ከሄደ፣ ድምፅሽ እየወፈረ ከመጣ ወይም የራስሽ ፀጉር እንደ ወንድ ከግንባርሽ እየሸሸ ከሆነ፣ ሠርጉንም ቀጠሮንም ሳትጠብቂ በዚሁ ሳምንት ታዪ።

አሁን ወደ እብጠቱና ወደ ነጠብጣቡ ልምጣ። የእኛ የብዙዎቻችን ፀጉር ጥቅልል ነው። ጥቅልል ፀጉር ከቆዳ ጋር እኩል ተደርጎ ሲላጭ ወይም ከቆዳ በታች ተበጥሶ ሲቀር፣ ሲያድግ ጫፉ ታጥፎ ቆዳውን መልሶ ይወጋዋል፤ አካልም እንደ ገባበት እሾህ ቆጥሮት ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንዳንዴም ይመግላል። እብጠቱ ሲድን ደግሞ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ቀለሙን በዚያ ቦታ አብዝቶ ስለሚያመርት ነጠብጣቡ ለወራት ይቆያል። ከፀጉሩ ይልቅ ለብዙ ጊዜ የሚታይብሽ ይህ ምልክት ስለሆነ፣ በእኔ ፍርድ ዘዴ ስትመርጪ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ «ፀጉሩን ለስንት ጊዜ ያጠፋልኛል?» ብለሽ ሳይሆን «ቆዳዬን ምን ያህል ያቆስለዋል?» ብለሽ ነው። ከቤተሰብሽ ውስጥ ቁስል ሲድን የሚያብጥና የሚወፍር ጠባሳ፣ ሐኪሞች ኬሎይድ የሚሉት፣ የሚወጣበት ሰው ካለ ደግሞ ጥንቃቄሽ እጥፍ መሆን አለበት።

የወንድምሽን ምላጭ ግን ከነገ ጀምሮ ተዪው። ይህን የምለው በቁጣ አይደለም። ምላጭ ዓይን የማያየው ደም ይይዛል፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከአካል ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል፤ ሳያውቁ በደማቸው ይዘውት የሚኖሩም ብዙዎች ናቸው። አደጋው ከእርሱ ወደ አንቺ ብቻ ሳይሆን ከአንቺም ወደ እርሱ ነው። ወረንጦውንም ቢሆን ለአገጭሽ አታዘውትሪው፤ እየጎተቱ መንቀል ፀጉሩን ከቆዳ በታች እየበጠሰ እብጠቱን ያባብሰዋል። ሐኪም እስክታዪ ድረስ ከሁሉ የሚሻለው ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ትንሽ መቀስ፣ ወይም ቶንዶስ በምንለው የፀጉር ማሽን በትንሹ ዓይነት፣ ቆዳውን ሳይነኩ ማሳጠር ነው። ፍጹም ልስላሴ አይሰጥሽም፤ ነገር ግን ቆዳሽ ዕረፍት አግኝቶ እብጠቶቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሰክኑ ታያለሽ። ወደ ውስጥ የገባ ፀጉር ብታዪ በመርፌ አትቆፍሪው፤ በለብ ያለ ውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል አድርጊበት።

ስለ ነጠብጣቡ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ያቺ ጎረቤትሽ የሰጠችሽ ክሬም የፀጉር ማስለቀቂያ ይሁን የቆዳ ማንጫ አልገለጽሽልኝም፤ የማይነበብ ጽሑፍ ያለበት ነገር ግን ምንም ቢሆን ፊት ላይ አይቀባም። በየሱቁ ለማንጫ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰሉ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒቶች አሉባቸው፤ እነዚህ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፤ የሚገርመው ደግሞ ፊት ላይ ፀጉር ሊያበዙም ይችላሉ። እስካሁን እንዲህ ያለ ክሬም ስትቀቢ ከነበርሽ ሳትደብቂ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ፀጉሩን ያመጣው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላልና። ለነጠብጣቡ መፍትሔ የቆዳ ሐኪም አለ፤ እስከዚያው ፀሐይ መከላከልና አለመነካካት ይበቃዋል።

አክስትሽ የተናገሩትን በተመለከተ፣ ከሁለቱ አንዱ ትክክል አይደለም፣ ሌላው ግን የሚናቅ አይደለም። ምላጭ ፀጉርን አያበዛም፣ አያወፍርም፤ የፀጉሩ ውፍረት የሚወሰነው ምላጭ በማይደርስበት ከቆዳ በታች ባለው ሥሩ ነው። የታጨደ ሣር ጫፉ እንደሚኮሰኩስ ሁሉ የተላጨ ፀጉርም ጫፉ ስለሚደነዝዝ ሲዳስሱት የጠነከረ ይመስላል። እንዲያውም ብዙ ሴቶች መላጨት የሚጀምሩት ፀጉሩ በሆርሞን ምክንያት መብዛት በጀመረበት ጊዜ ስለሆነ ጥፋቱ በምላጩ ይሳበባል። «ፀጉራም ሴት ባለ ሀብት ናት» ያሉትን ግን እኔ ለማቃለል አልደፍርም። በእናቶቻችን ዘንድ የሴት ልጅ እግር ፀጉር ውበቷ ተብሎ ይወደስ ነበር፤ የእግር ፀጉር ካልተነሣ ሙሽራ አትሆንም የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። የሰውነት ፀጉር ቆሻሻ አይደለም፤ ከጤናም አንጻር የግድ መነሣት ያለበት ፀጉር የለም። ብብትና ብልት አካባቢ ያለው እንዲያውም ቆዳ ከቆዳ ጋር ሲፋተግ እንዳይላጥ ያግዛል።

በእምነትሽ በኩል የብብትንና የብልት አካባቢን ፀጉር ማንሣት ከፊጥራ፣ ማለትም ከተፈጥሯዊው የንጽሕና ሥርዓት፣ የሚቆጠር እንደሆነና ከ40 ቀን በላይ እንዳይቆይ እንደተነገረ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የእግር ፀጉር በዚያ ውስጥ አይቆጠርም። የፊትን ፀጉር በተመለከተ ሊቃውንቱ ቅንድብን ከአገጭና ከከንፈር ፀጉር ለይተው ስለሚናገሩበት፣ ልብሽ እንዲያርፍ የምታምኛቸውን ኡስታዝ ወይም ያወቀች ሴት መምህርት ብትጠይቂ መልካም ነው።

ስለዚህ የእግርሽ ነገር የምርጫ ጉዳይ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ጥቂት ነገር ልጠይቅሽና መልሱን ለራስሽ ያዢው። የሠርግ ልብስሽ ረጅም ነው ብዬ ብገምት፣ እግርሽን የሚያይ ሰው በዕለቱ የለም፤ እንዲያም ሆኖ ማንሣት ትፈልጊያለሽ? ጓደኞችሽ ባይጎተጉቱሽ ኖሮ ስለ እግርሽ ትጽፊልኝ ነበር ወይስ ስለ አገጭሽ ብቻ? በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ሲበቅል እንደገና እያነሡ መኖሩስ ያስደስትሻል ወይስ ያሰለችሻል? እጮኛሽ እንዳልሽው ምንም አላለሽም፤ ፀጉርሽን ክንድሽ ላይ ሲያየው ኖሯል፣ ወዶ መርጦሻል። ዝምታውን እንደ ነቀፌታ ከመተርጎምሽ በፊት ቢያንስ የወር አበባሽንና የሐኪሙን ነገር፣ ውጤቱን ካወቅሽ በኋላ፣ ብትነግሪው የሚመጣውን ኑሮ አብራችሁ ለመሸከም ጥሩ መጀመሪያ ይመስለኛል። ይህ ግን ፈቃድ መጠየቅ እንዳልሆነ እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ፤ ገላሽ የአንቺ ነው።

ማንሣት እፈልጋለሁ ካልሽ ደግሞ ያሉትን ዘዴዎች እንዲህ አያቸዋለሁ። ለእግርና ለብብት በጣም ቀላሉና ርካሹ ምላጭ ነው፤ የሚያስፈልገው የራስሽ የሆነ፣ አዲስ፣ ባለ አንድ ስለት መላጫ ነው። ገላሽን ለብ ባለ ውኃ ከታጠብሽ በኋላ ፀጉሩ ሲለሰልስ፣ ሳሙና ወይም የመላጫ ጄል ቀብተሽ፣ ቆዳሽን ሳትወጥሪ፣ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ በቀስታ ላጪው፤ ከላይ ወደ ታች እንጂ ተገላቢጦሽ አታድርጊ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥበሽ ሽቶ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን ተቀቢ። ዲዮዶራንት ለአንድ ሌሊት ይቆይ። የጅማን ክረምት የምታውቂው ነው፤ ፎጣ ሦስት ቀን ሳይደርቅ የሚሰነብትበት እርጥበት ነው፤ መታጠቢያ ቤት የተቀመጠ ምላጭም ይዝጋል፣ ጀርምም ያራባል። ስለዚህ አራግፈሽ፣ አድርቀሽ መኝታ ክፍልሽ አስቀምጪው፤ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ከተጠቀምሽበት በኋላም ጣዪው። ብልት አካባቢ ደግሞ ሥር ድረስ ከመላጨት ይልቅ በመቀስ ወይም በማሽን አሳጥሮ መተው ለቆዳሽ ይቀለዋል። ሥር ድረስ ማንሣት ግድ ከሆነ አስቀድመሽ አሳጥሪውና ሳትቸኩዪ አድርጊው።

የፀጉር ማስለቀቂያ ክሬም ፀጉሩ የተሠራበትን ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን በኬሚካል አሟሙቶ ከቆዳ ላይ ያስለቅቀዋል፤ የቆዳ የላይኛው ሽፋንም ኬራቲን ስላለበት ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ከቆየ ያቃጥላል። ከፋርማሲ፣ ታሽጎ የተሸጠውን፣ መመሪያው የሚነበበውን ብቻ ግዢ፤ በባትሽ ላይ በትንሹ ሞክረሽ 24 ሰዓት ጠብቂ። ለፊት ተብሎ ያልተዘጋጀውን ፊትሽ ላይ፣ የትኛውንም ደግሞ በተቆጣ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ አታድርጊ።

የዋክስና የስኳር ጉዳይ ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። ሁለቱም ፀጉሩን ከሥሩ ስለሚነቅሉት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያሳርፋሉ፤ ነገር ግን ፀጉሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ማደግ አለበት፣ ያማል፣ ወደ ውስጥ የሚበቅል ፀጉርንም ያስከትላል። ከሁለቱ እኔ የምመርጠው በስኳር፣ በሎሚና በውኃ ተነጥሮ የሚዘጋጀውን ነው፤ ለብ ብሎ ስለሚሠራ የማቃጠል ዕድሉ አነስተኛ ነው፣ የቀረውም በውኃ ይታጠባል። የንብ ሰም አቅልጬ እሠራልሻለሁ ያለችሽን ጎረቤትሽን ግን አመስግነሽ እምቢ በያት። ጅማ የማር አገር ስለሆነች ሰሙ በየገበያው ይገኝ ይሆናል፤ ሆኖም የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፣ ይህ ሙቀት ደግሞ ቆዳን በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ በዚያ ላይ ቆዳ ላይ እንደተጣበቀ ይቆያል። ሳሎን ከሄድሽ ባለሙያዋ ሙቀቱን በራሷ አንጓ ላይ መሞከሯን፣ አንድ ጊዜ ቆዳሽን የነካውን እንጨት መልሳ ዋክሱ ውስጥ አለመንከሯን፣ ጓንትና ንጹሕ ጨርቅ መጠቀሟን ከመቀመጥሽ በፊት ተመልከቺ፤ ካላማረሽ ተነሥተሽ መውጣት መብትሽ ነው። ለብጉር ትሬቲኖይን ወይም አዳፓሊን የምትቀቢ ከሆነ ቆዳው ከፀጉሩ ጋር ሊላጥ ስለሚችል በዚያ ቦታ ዋክስ ፈጽሞ አይሠራም። አሁን ያበጠውን አገጭሽን በምንም ዓይነት በዋክስ አታስነኪው።

ሌዘርን በተመለከተ የአጎትሽ ልጅ የነገረችሽ ከእውነታው የራቀ ነው። ሌዘር ፀጉርን ለረጅም ጊዜ ይቀንሳል እንጂ በአንድ ጊዜ ለዘለዓለም አያጠፋም፤ በሳምንታት ልዩነት ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ጨረሩ የሚፈልገው በፀጉሩ ውስጥ ያለውን ጥቁር ቀለም ሲሆን፣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቆዳውም ቀለም ስላለው ሊያቃጥለው ይችላል። ለእኛ ቆዳ የሚመከረው ጠልቆ የሚገባው፣ የሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ የሚባለው ዓይነት ነው። ክሊኒክ ሄደሽ «ማሽናችሁ ምን ዓይነት ነው፣ የሚሠራውስ የቆዳ ሐኪም ነው ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂ ግልጽ መልስ ካልሰጡሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ። ሌላም ነገር አለ፤ የሆርሞን መዛባት ሳይታከም ሌዘር ቢሠራ ፀጉሩ እንደገና ይመጣል፤ አገጭና አንገት ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ በተቃራኒው ፀጉርን ሲያበዛ ይታያል፣ ይህም የሚደርሰው በተለይ ጠይም ቆዳና የሆርሞን መዛባት ባለባቸው ሴቶች ላይ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ብትመላለሺ እንኳ የምታገኚው ጅምሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌዘርን ከሠርግሽ ጋር አታያይዢው፤ የሆርሞንሽ ነገር ከተረጋጋ በኋላ ከፈለግሽ በእርጋታ ታስቢበታለሽ። ሌዘር ከጀመርሽ በመካከሉ መላጨት እንጂ መንቀል እንደማይፈቀድ፣ ካረገዝሽም እስክትወልጂ ማቆም እንደሚሻል ብቻ ያዢልኝ።

እንግዲህ ያለሽን ጊዜ እንዲህ ብትጠቀሚበት መልካም ይመስለኛል። ሐምሌ ሳያልቅ ሐኪሙን እዪ፤ አገጭሽን በማሳጠር ብቻ አሳርፊው። የእግርሽን ነገር ከወሰንሽ ነሐሴ ውስጥ የመረጥሽውን ዘዴ በአንድ ባትሽ ላይ ብቻ ሞክሪና ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ ቆዳሽ ምን እንዳለ ተመልከቺ፤ እብጠትና ጥቁረት ካላየሽ መስከረም ላይ ሙሉውን ታደርጊዋለሽ። ከሠርጉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ግን ከዚያ በፊት ሞክረሽው የማታውቂውን ምንም ነገር፣ ማንም ቢመክርሽ፣ አትጀምሪ። በስኳር የምታስነሺ ከሆነ ከሠርጉ አራት ቀን ቀደም ብሎ ይሁን፤ በምላጭ ከሆነ አንድ ቀን ይበቃል። ሂና የምትሞቂበትን ቀንም ከዚህ ጋር አስቢው፤ በዚያው ቀን ፀጉሩ የተነሣለት ቆዳ ሂና ቢደረግበት ያቃጥላል። ቶሎ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበትን ጥቁር ሂና ደግሞ፣ ባለሙያዋ የቱንም ያህል ብታመሰግነው፣ ፈጽሞ እንዳትቀበያት፤ በውስጡ ያለው ኬሚካል ቆዳን አቁስሎ ጠባሳ የሚተውበት ጊዜ ብዙ ነው። ከማንኛውም ዘዴ በኋላ ቦታው እየሞቀ፣ መቅላቱ እየሰፋ፣ መግል እየያዘ ከመጣ ወይም ትኩሳት ከተሰማሽ በቤት ውስጥ አታስታምሚው፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ።

የወር አበባሽ ከሠርጉ ቀን ጋር እንዳይገጥም ያነሣሽውን ለሐኪሙ በቀጥታ ንገሪው። ለዚህ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን መዛባቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ መዋጥ የለብሽም።

አክስትሽንስ ምን ትያቸዋለሽ? ቁጣቸው ያሳደጓት ልጅ በሰው ወሬ ተገፋፍታ ገላዋን እንዳትጎዳ ከመፍራት የመጣ ይመስለኛል፤ ምላጩን ከነገርሻቸው ይቆጣሉ፣ የወር አበባሽ ሦስት ወር እንደሚዘልል ብትነግሪያቸው ግን የሚያደርጉት ሌላ ነው። ሐኪም ቤት ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ አብረውሽ እንዲሄዱ ለምኛቸው። በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ የፊት ፀጉር፣ የወር አበባ መዛባት ወይም የስኳር በሽታ ያለባት ሴት እንደነበረች ሐኪሙ ይጠይቅሻል፤ ይህን ከአንቺ ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉ።

የዓምዱ አዘጋጅ